በደቡብ ኮሪያ ሃግዎን የምታስተምሩ፦ የዓመት ፈቃድ ክርክርን ደረጃ በደረጃ እንዴት ትይዙታላችሁ?

የደቡብ ኮሪያ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ሃግዎን ይባላሉ። እዚያ የሚያስተምሩ የውጭ አገር መምህራን ጁላይ ሲገባ የሚያነሱት አንድ ዓይነት ቅሬታ አለ። መምህሩ «ውሌ ላይ 10 ቀን ፈቃድ ተጽፏል» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «5ቱ ኦገስት ላይ ስንዘጋ ያልቃል፣ 3ቱ የቹሶክ በዓል ነው፣ 2ቱን ታመህ ቀርተሃል» ብሎ ይመልሳል። ተደምሮ ሲታይ ምንም አልቀረም። የአውሮፕላን ትኬቱ ግን ተቆርጧል።

ይህ መመሪያ በኢ2 ቪዛ ለማስተማር ለሄዳችሁ ወይም ለመሄድ ለተነሳችሁ ነው። ቪዛው ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚሰጠው ለ7 አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለብሪታንያ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድ እና ለደቡብ አፍሪካ። ከእነዚህ አገሮች በአንዱ ያደጋችሁ የእኛ ልጆችም አላችሁበት። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ይህ የመጀመሪያ ቋሚ ሥራችሁ ነው። ቋንቋውን አታውቁትም፣ ቪዛችሁም በአሠሪው ስም የታሰረ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ስትከለከሉ ዝም ማለት ይቀናችኋል። ዝም አትበሉ። ግን ከመናገራችሁ በፊት ቀኑን በትክክል ቁጠሩ፣ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አድርጉት። ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሕጉ እናንተን ይመለከት እንደሆነ አጣሩ

የኮሪያ የሥራ ደረጃዎች ሕግ ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረው በአንቀጽ 60 ነው። ይህ አንቀጽ ግን ሁሉንም ሥራ ቦታ አይመለከትም። ሦስት ነገሮችን እዩ።

የመጀመሪያው የሠራተኛ ቁጥር ነው። አንቀጹ የሚሠራው 5 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ በመደበኛነት ባለበት ቦታ ነው። ሲቆጠር የውጭ አገር መምህራን ብቻ አይቆጠሩም። ኮሪያውያን መምህራን፣ ስልክ የምታነሳው ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የቀጠረው የአውቶቡስ ሾፌር፣ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩትም ይቆጠራሉ። ባለቤቱ አይቆጠርም። «እኛ ትንሽ ትምህርት ቤት ነን» የሚል መልስ ከሰማችሁ እሺ ብላችሁ አትለፉ። ማን ማን በምን ቀን እንደሚሠራ ለራሳችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከሚነገረው በላይ ሆኖ ይገኛል።

በእርግጥ ከ5 በታች ከሆናችሁስ? ያኔ አንቀጽ 60 አይረዳችሁም። ውላችሁ የሚለው ፈቃድ ግን ውል ስለሆነ ያስገድዳል። ሳምንታዊው የዕረፍት ቀን፣ ሜይ 1 የሚከበረው የሠራተኞች ቀን፣ ዓመት ስትሞሉ የሚከፈለው የስንብት ክፍያ፣ ሲያሰናብቷችሁ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ፣ እነዚህ በትንሽ ቦታም ይሠራሉ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች እንዲሠራ የተቀጠረ ሰው የዓመት ፈቃድ የለውም። አንዳንድ ውል ሆን ተብሎ 14 ሰዓት ተደርጎ ይጻፋል። እዚህ ላይ ማየት ያለባችሁ ክፍል ውስጥ ያስተማራችሁበትን ሰዓት ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤቱ እንድትገኙ ያዘዘበት ሰዓት፣ ፈተና ያረማችሁበት፣ ለወላጆች የምትጽፉት ሪፖርት፣ በአሠሪው ትእዛዝ እስከሆነ ድረስ የሥራ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው «አንተ ሠራተኛ አይደለህም፣ በራስህ የምትሠራ ነህ» የሚለው ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ግብር 3.3 በመቶ ብቻ ከሆነና ብሔራዊ ጡረታና የጤና መድን ከሌለ እንደ ነጻ ሠራተኛ ተመዝግባችኋል ማለት ነው። ወረቀቱ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሕጉ የሚያየው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ መጽሐፉን የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 የአንድ ሃግዎን የውጭ አገር መምህራን ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወስኗል። መቼ መግባትና መውጣት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ሰው ካለ እናንተም ሠራተኞች ናችሁ ብላችሁ ለመከራከር በቂ መነሻ አላችሁ።

2. ቀናችሁን ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባለቤቶቹም ይሳሳታሉ፣ ሁሌም በተንኮል አይደለም።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ሳትቀሩ በሠራችሁት እያንዳንዱ ወር 1 ቀን ከነክፍያው ታገኛላችሁ። ከፍተኛው 11 ቀን ነው። አንድ ወር ሞልታችሁ ከሆነ 1 ቀን አላችሁ፤ 5 ወር ከሆነ 5። «ዓመት ሳትሞላ ፈቃድ የለም» የሚል ሰው ሕጉን አያውቀውም፣ ወይም እንደማታውቁት ገምቷል።

«ሳትቀሩ» የሚለው ቃል ይከብዳል። አንድ ቀን ያለ ፈቃድ ከቀራችሁ የዚያ ወር ቀን ታጣላችሁ። ስለዚህ ስትታመሙ ዝም ብሎ ከመቅረት፣ የተጠራቀመ ፈቃድ ካላችሁ ያንን መጠቀም ይሻላል። በሕጉ የግል አሠሪ የግድ የሚሰጠው የተከፈለ የሕመም ፈቃድ የለም። ውላችሁ ላይ «3 ቀን የሕመም ፈቃድ» ከተጻፈ ግን እሱ ለብቻው መብት ነው፣ ከዓመት ፈቃድ አይቀነስም።

ከዓመቱ የሥራ ቀን 80 በመቶውን ከሠራችሁና ወደ ሁለተኛው ዓመት ከተሻገራችሁ 15 ቀን ይጨመራል። ከ3 ዓመት ጀምሮ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን እየተጨመረ እስከ 25 ይሄዳል።

አሁን አንድ ስስ ነገር ላሳያችሁ። ውላችሁ ከማርች 1 ቀን 2025 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026 ነው እንበል። ልክ 365 ቀን። በዚያ ቀን ሥራ ካቆማችሁ ያላችሁ 11 ቀን ብቻ ነው። ውሉ ታድሶ ማርች 1 ቀን 2026 ሥራ ከገባችሁ ግን 15ቱ በዚያች ቀን ይወለዳሉ። ቀድሞ የሥራ ሚኒስቴሩ የአንድ ዓመት ኮንትራት ሠራተኛ 26 ቀን ይገባዋል ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ 11 ነው አለ፣ ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት አቋሙን ቀየረ። በይነመረብ ላይ ያለ ያረጀ ምክር እያነበባችሁ 26 ቀን ብትጠይቁ በመጀመሪያው ንግግር ላይ ተአማኒነታችሁን ታጣላችሁ። ውል ለማደስ እያሰባችሁ ከሆነ ግን ይህ የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያህል እንደሚመዝን ልብ በሉ።

በሳምንት ከ40 ሰዓት በታች ለምትሠሩ፣ የፈቃድ ቀን በሰዓት ተመጣጥኖ ይሰላል። 30 ሰዓት የሚሠራ ሰው አንድ የፈቃድ ቀኑ 6 ሰዓት ነው።

3. ባለቤቱ የቀነሰውን አንድ በአንድ ፈትሹ

አሁን ወደ «5ቱ አለቀ፣ 3ቱ በዓል ነው» ወደሚለው እንምጣ። በእኔ እይታ የክርክሩ ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

*የበዓል ቀናት።* ድሮ የግል ድርጅት ብሔራዊ በዓላትን ከዓመት ፈቃድ መቀነስ ይችል ነበር። አሁን አይችልም። ሕጉ ተቀይሮ የመንግሥት በዓላት ለግል ሠራተኛም የተከፈለ ዕረፍት ሆነዋል። ለውጡ በደረጃ ነው የገባው፦ 300 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው በ2020፣ ከ30 እስከ 299 ላላቸው በ2021፣ ከ5 እስከ 29 ላላቸው በጃንዋሪ 1 ቀን 2022። አብዛኛው ሃግዎን የሚወድቀው በመጨረሻው ምድብ ነው። ሶላል የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ቹሶክ፣ የልጆች ቀን፣ ገና፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ የተጻፈ ቀን ሁሉ ከእናንተ 11 ወይም 15 ቀን ውስጥ አይነካም። ሃግዎኑ በቀይ ቀን ካሠራችሁም ወይ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል፣ ወይም ከሠራተኛ ተወካይ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ሌላ የሥራ ቀን ይተካል።

ብዙ ባለቤት ከ2022 በፊት የተጻፈ ውል ፎቶኮፒ እያደረገ ነው የሚያስፈርመው። ለዚህ ነው ስሕተቱ የማይጠፋው። ውሉ ላይ መፈረማችሁ መብታችሁን አያጠፋም። የሕጉ አንቀጽ 15 ከሕጉ ያነሰ የውል ቃል ዋጋ የለውም፣ በምትኩ ሕጉ ይሠራል ይላል።

*ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ሳምንት።* ይህኛው ከበዓሉ ይከብዳል። ሃግዎኖች ብዙውን ጊዜ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ፣ ከዚያም በዲሴምበር መጨረሻ ይዘጋሉ። «ያ የእናንተ ፈቃድ ነው» ይላሉ። በአንቀጽ 62 አሠሪው አንድን የሥራ ቀን እንደ ዓመት ፈቃድ ማስቆጠር ይችላል። የሚችለው ግን የአብዛኛው ሠራተኛ ተወካይ ከሆነ ሰው ጋር በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ወረቀቱ አለ ወይ? ተወካዩ ማነው? ማን መረጠው? ትሕትና ባለው አማርኛ እንደምትጠይቁት በትሕትና ጠይቁ። ወረቀቱ ከሌለ «ትምህርት ቤቱ በራሱ ውሳኔ ነው የዘጋው» ብላችሁ የምትከራከሩበት ጠንካራ ነጥብ አላችሁ።

እዚህ ላይ የእኔን ምክር ልንገራችሁ። ውላችሁ 10 ቀን ብሎ፣ 5ቱ ሲዘጋ የሚወሰድ ከሆነና እናንተም ያን ጊዜ ደስ ብሏችሁ ከተጓዛችሁበት፣ ኋላ ዞራችሁ 5ቱንም ካልመለሳችሁ ማለት ነገሩን ያከርረዋል። ቀይ ቀኖቹ ላይ ግን አትላሉ። ሕጉ በእነሱ ላይ ግልጽ ነው።

*ከ11 ያነሰ ቁጥር።* «7 ቀን» ወይም «10 ቀን» የሚል ውል ብዙ አለ። 5 ሠራተኛ ካለ ዝቅተኛው ሕጉ ያስቀመጠው ነው። ውሉ ከሕጉ የበለጠ ከሰጠ ደግሞ የበለጠው ይጸናል።

*«ደመወዙ ፈቃዱን ይጨምራል»።* የፈቃዱ ገንዘብ በወር ደመወዝ ውስጥ ተካቷል ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ። ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል ዕረፍት የመውሰድ መብትን አያስቀርም።

4. በጽሑፍ ጠይቁ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የሃግዎን ባለቤት ወይም ዳይሬክተር ዎንጃንግ ይባላል፤ ሲጠሩት «ዎንጃንግኒም» ነው። በእርሱ ቢሮ በር ላይ ቆሞ «ኦክቶበር ላይ ልሄድ ነው፣ ችግር የለም?» ብሎ «ኦኬ» የሚል መልስ ማግኘት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ካካኦቶክ በሚባለው የኮሪያ የመልእክት መተግበሪያም ቢሆን፣ በኢሜይልም ቢሆን፣ ጽሑፍ ይኑር። ከተቻለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድማችሁ ላኩት። የወርኃዊ ፈተና ሳምንትንና ለወላጆች ክፍት የሆነ ክፍል የሚደረግበትን ቀን ራቁ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ሥር ላይ በኮሪያኛ ተተርጉሞ ቢገባ የተሻለ። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«ዎንጃንግኒም፣ እንደምን ዋሉ። ከማርች 1 ጀምሮ እየሠራሁ ነው። እስከ ዛሬ በአንቀጽ 60 መሠረት 5 የፈቃድ ቀን አጠራቅሜያለሁ፣ 1 ቀን ተጠቅሜያለሁ። ሴፕቴምበር 15፣ 16 እና 17 ለመውሰድ እጠይቃለሁ። የሦስቱን ቀን የትምህርት ዕቅድና የመልመጃ ወረቀት አስቀድሜ አዘጋጅቼ አስረክባለሁ። ቀኑ የማይመች ከሆነ የሚመቸውን ሌላ ቀን እስከ ኦገስት 20 ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።»

ምን እንዳለበት እዩ። የተጠራቀመው ቁጥር አለ። ቀኑ አለ። ክፍሉ ባዶ እንዳይቀር የምታደርጉት አለ። መልስ የምትጠብቁበት ቀንም አለ። ስለ ስሜት፣ ስለ ፍትሕ፣ ያለፈው መምህር 2 ሳምንት ስለመውሰዱ አንድም ቃል የለም። ይህ መልእክት ነገ የሥራ ተቆጣጣሪ ቢያነበው የምታፍሩበት ነገር የለውም።

መልሱ «ቢሮ ና እንነጋገር» ከሆነ ሂዱ። ስትመለሱ በዚያው ሰዓት «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ሴፕቴምበር 15 እና 16 ፈቅደውልኛል፣ 17ኛው አልተቻለም» ብላችሁ ጻፉ። እርማት ካልመጣ ማስረጃ ሆነ። እናንተ ራሳችሁ ያላችሁበትን ንግግር መቅዳት በኮሪያ ሕግ አይከለከልም። እናንተ የሌላችሁበትን የሌሎች ንግግር መቅዳት ግን ወንጀል ነው።

5. እምቢ ካሏችሁ

የፈቃዱን ጊዜ የሚመርጠው በመርሕ ደረጃ ሠራተኛው ነው። አሠሪው ቀኑን ማዛወር የሚችለው ሥራው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን ነው። «አይመቸኝም» አይበቃም። ደግሞም ሕጉ የሰጠው ማዛወርን ነው፤ ቀኑን መሰረዝን አይደለም። ስለዚህ እምቢ ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ታዲያ የትኛው ቀን ይሁንልኝ?»

ሳይፈቀድላችሁ ተነስታችሁ አትሂዱ። ትኬቱ ቢቃጠልም። ያለ ፈቃድ መቅረት የወሩን ፈቃድ ያሳጣችኋል፣ የቀራችሁበት ቀን ደመወዝ ይቆረጣል፣ ትክክል የነበራችሁበትን ነገር ባለቤቱ ትክክል ወደሚሆንበት ይገለብጠዋል። ትኬት ከጽሑፍ ፈቃድ በኋላ ነው የሚቆረጠው።

ባለቤቱ «ከሄድክ ለምትክ መምህር የከፈልኩትን ከደመወዝህ እቆርጣለሁ» ካለ፣ ደመወዝ ሙሉ መከፈል እንዳለበት አንቀጽ 43 ይናገራል። አስቀድሞ የተወሰነ ቅጣት በውል ማስገባትን አንቀጽ 20 ይከለክላል።

6. ያልወሰዳችሁትን ወደ ገንዘብ ቀይሩት

የዓመት ፈቃድ በኮሪያኛ ዮንቻ ነው፤ ላልተወሰደው የሚከፈለው ገንዘብ ዮንቻ ሱዳንግ ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት የተጠራቀመው ዓመቱ ሲሞላ ያልፍበታል። የማረፍ መብቱ ሲያልፍ ገንዘብ የመጠየቅ መብቱ ይጀምራል። ለመጠየቅ ያላችሁ ጊዜ 3 ዓመት ነው። የቆየ ሂሳብ ያላችሁም ቶሎ ቁጠሩ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ወርኃዊ ደመወዝ 2,400,000 ዎን፣ ሥራው በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ሳምንታዊው የተከፈለ ዕረፍት ሲጨመር በወር 209 ሰዓት ይታሰባል። 2,400,000 ለ209 ሲካፈል በሰዓት 11,483 ዎን ገደማ ነው። በ8 ሲባዛ የአንድ ቀን ክፍያ 91,866 ዎን ይሆናል። 6 ቀን ካልወሰዳችሁ 551,196 ዎን። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ማቅረብ ከአንድ ሰዓት ክርክር ይበልጣል።

አንድ መከላከያ ለአሠሪው አለ። በአንቀጽ 61 መሠረት፣ ፈቃዱ ከማለፉ 6 ወር በፊት ስንት ቀን እንደቀራችሁ በጽሑፍ አሳውቆ ቀን እንድትመርጡ ከጠየቃችሁ፣ እናንተም በ10 ቀን ውስጥ ካልመረጣችሁ፣ እሱ ራሱ ከማለፉ 2 ወር በፊት በጽሑፍ ቀን ከመደበላችሁ፣ ክፍያው ይቀርበታል። ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ ጊዜዎቹ ያጥራሉ። ይህን ሥርዓት በሙሉ መፈጸሙን የሚያሳይ ወረቀት ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። «ውሰድ ብዬህ ነበር እኮ» ወረቀት አይደለም።

ሥራ ከለቀቃችሁ ሁሉም ሂሳብ፣ የመጨረሻ ደመወዝ፣ የፈቃድ ገንዘብ፣ የስንብት ክፍያ፣ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካለፈ በዓመት 20 በመቶ ወለድ ይታሰባል።

7. ወደ ሥራ ቢሮ መሄድ

ጥያቄያችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ ሁለት እርምጃ ቀርቷል።

አንደኛው በፖስታ ቤት የሚላክ የተረጋገጠ ደብዳቤ ነው። ኔዮንግ ጁንግምዮንግ ይባላል። አንድ ዓይነት ደብዳቤ በ3 ቅጂ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ አንዱ ለባለቤቱ ይላካል፣ አንዱ ፖስታ ቤት ይቀራል፣ አንዱ ማኅተም ተመቶበት በእጃችሁ ይመለሳል። ደብዳቤው ራሱ ማንንም አያስገድድም። ግን ይህ ነገር ወደ ሕግ እየሄደ እንደሆነ ባለቤቱ ይረዳል። ብዙ ጉዳይ እዚህ ላይ በስልክ ያልቃል።

ሁለተኛው ለሥራ ሚኒስቴሩ አቤቱታ ማቅረብ ነው። ጂንጆንግ ይባላል። ለምክር 1350 ይደወላል። አቤቱታው የሚቀርበው ትምህርት ቤቱ ላለበት አካባቢ የሥራ ቢሮ ነው፤ በአካል፣ በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ይቻላል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ውሉን፣ የነዋሪነት መታወቂያችሁን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ዝርዝር፣ የደመወዝ መግለጫ፣ የመልእክቶቹን ስክሪንሾት፣ የቆጠራችሁትን ቀንና የገንዘብ ስሌት። ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ አሠሪው የደመወዝ መግለጫ የመስጠት ግዴታ አለበት። ካልሰጣችሁ እሱንም ጻፉት።

ከዚያ ተቆጣጣሪው ሁለታችሁንም ይጠራል። የአሠራሩ ጊዜ 25 ቀን ነው፣ ሊራዘም ይችላል። ኮሪያኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ግቡ። የትምህርት ቤቱ ኮሪያዊት ረዳት መምህር ግን አትሁን፤ እሷም እንጀራዋ እዚያው ነው፣ በሁለት እሳት መሃል አትማግዷት። ኖሙሳ የሚባሉ የሥራ ሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ገንዘቡ ትልቅ ሲሆን መቅጠር ያዋጣል።

በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ቀድማችሁ እወቁት። ተቆጣጣሪው ጉዳዩ በስምምነት እንዲያልቅ ሊገፋ ይችላል። «500,000 ይከፍልሃል፣ ከዚያ ፈርመህ ጨርስ» ሊባል ይችላል። መስማማት ነውር አይደለም። ግን አቤቱታውን ማንሻ ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ በኋላ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ መምጣት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ባንካችሁ ከመግባቱ በፊት አትፈርሙ። «ነገ እልካለሁ» ከተባለ «እኔም ነገ እፈርማለሁ» በሉ። የማታነቡትን ኮሪያኛም አትፈርሙ።

ካልተስማማችሁና ተቆጣጣሪው ዕዳ አለ ብሎ ካመነ እንዲከፈል ያዛል፤ ካልተከፈለ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ደመወዝ አለመክፈል እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን ዎን መቀጮ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ገንዘቡን በፍርድ ቤት ለማስከፈል ያልተከፈለውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከሥራ ቢሮው ተቀብላችሁ ወደ ኮሪያ የሕግ ድጋፍ ኮርፖሬሽን ደውሉ፤ ስልኩ 132 ነው። እስከ 30 ሚሊዮን ዎን ያለ ጉዳይ በአነስተኛ ክርክር ሥርዓት ይታያል።

አቤቱታ ስላቀረባችሁ ማሰናበት ወይም መበደል በሕግ የተከለከለ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከተባረራችሁና 5 ሠራተኛ ካለ በ3 ወር ውስጥ ለሥራ ግንኙነት ኮሚሽን ማመልከት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ የትምህርት ቤቱን ስም ይዛችሁ ፌስቡክ ላይ አትውጡ። በኮሪያ የወንጀል ሕግ እውነት የሆነ ነገር በአደባባይ መናገርም ስም ማጥፋት ተብሎ ሊያስከስስ ይችላል። የ6 ቀን ፈቃድ ልታስከብሩ ሄዳችሁ እናንተው ተከሳሽ አትሁኑ።

8. ቪዛውን አትርሱ

ኢ2 ቪዛ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ነው። በውሉ መሃል ወደ ሌላ ሃግዎን ለመሄድ ብዙውን ጊዜ የቀድሞው አሠሪ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠየቃል። ባለቤቱ ይህን ያውቃል፣ አንዳንዱም ይጠቀምበታል። ስለዚህ በንዴት ከመልቀቅ በፊት ለኢሚግሬሽን 1345 ደውላችሁ የእናንተን ሁኔታ ጠይቁ፤ በብዙ ቋንቋ ያናግራሉ፣ እንግሊዝኛም አለ። ውሉ ሊያልቅ 2 ወር ከቀረው፣ ማስረጃውን ሰብስቦ፣ ውሉን ጨርሶ፣ የስንብት ክፍያውን አስከብሮ፣ ከዚያ አቤቱታ ማቅረብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። 3 ዓመት አላችሁና አትቸኩሉ። አገር ለቃችሁ ለመውጣት ከሆነ ግን ሳትወጡ አመልክቱ፤ ከውጭ ሆኖ መከታተል ያደክማል።

9. የሚቀጥለውን ውል ስትፈርሙ

ፈቃድን የሚመለከተውን አንቀጽ በስልክ ቃል አትቀበሉ። ከመፈረማችሁ በፊት በኢሜይል እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ሠራተኛ አላችሁ? በዓመት መቼ መቼ ትዘጋላችሁ? የምትዘጉበት ቀን ከዓመት ፈቃድ ይቀነሳል? ከተቀነሰ ከሠራተኛ ተወካይ ጋር የተፈረመው ስምምነት የት አለ? በነጻ የምመርጠው ስንት ቀን ነው? አሁን ያለውን የውጭ አገር መምህር ላናግር እችላለሁ?

የመጨረሻውን እምቢ የሚል ትምህርት ቤት እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከፈቀዱላችሁ ግን ለዚያ መምህር ደውላችሁ «ፈቃድ ይሰጣሉ?» አትበሉት። «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን፣ በየትኛው ወር ወሰድክ? ቀኑን ማን መረጠ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ውሉ ላይ ይህን መስመር እንዲጨምሩላችሁ ጠይቁ፦ «ሠራተኛው በሥራ ደረጃዎች ሕግ አንቀጽ 60 የተመለከተውን የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ የመንግሥት በዓላት ከዚህ ፈቃድ አይቀነሱም፤ ከፈቃዱ ቢያንስ 5 ቀን ሠራተኛው በመረጠው ጊዜ ይወሰዳል፤ ሳይወሰድ የቀረው በገንዘብ ይከፈላል።»